እርጥብ ጨርቅ ይዘው የሚሮጡት ጋሽ ቀስ

የጋሽ ቀስ አንድ ተራ ቀን የሚፈጀው ይህን ያህል ነው፤ ስድስት ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ፣ አሥራ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ፣ ግማሽ ጠመኔ፣ አራት ጊዜ በርዶ አራት ጊዜ የሚሞቅ አንድ ብርጭቆ ሻይ፣ በዚያ ላይ የስምንት ሰው ትዕግሥት። ውሃው ከቧንቧ ይመጣል። ጨርቁ ከአሮጌ አንሶላ ይቀደዳል። ትዕግሥቱ ግን ከእኛ ነው የሚወጣው፤ መልሶ የሚተካልን እስካሁን አልተገኘም።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የሌለበት መሥሪያ ቤት፣ የሌለበት ቤተ ዘመድም የለም። ሁሉም «በቃ፣ አለቀ» ብሎ እጁን ሲያራግፍ እሱ «እስቲ ቆዩ» ይላል። ዕቃ ሊገዛ ሲሄድ ከላዩ አያይም፤ ገልብጦ ሥሩን ነው የሚያየው። አሁን አንድ ሰው ትዝ ብሏችሁ ፈገግ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ስለ እሱ ብትነግሩኝ በትሕትና እሰማችኋለሁ፤ በልቤ ግን «የኛን ባያችሁ» ማለቴ አይቀርም።

ክቡር ጋሽ ቀስ፣ የብየዳ ሊቅ፣ የሞርሳ ባላባት፣ የእርጥብ ጨርቅ ሹም፣ እኔ በምሠራበት የስቴንለስ ወርክሾፕ ዋናው በያጅ ናቸው። የወተት ታንከር፣ የሆቴል ማጠቢያ፣ የሆስፒታል ጠረጴዛ እንሠራለን። ትክክለኛ ስማቸውን ከመዝገቡ በቀር የሚያውቀው የለም። ጠዋት «እንዴት አደሩ ጋሼ?» እላቸዋለሁ፤ ጓንቴን አጥልቄ፣ ማስኬን ደፍቼ፣ የመጀመሪያውን መስመር በይጄ ቀና ስል «ደህና፣ ልጅሽስ?» የሚለው መልስ ይደርሰኛል። ላሜራ ከመቆረጡ በፊት ይለካሉ፤ ደግመው ይለካሉ፤ ከዚያ ሜትሩን በሌላ ሜትር ይለኩታል። አንድ ቀን ደጅ ቆመን ሳለ ዝናብ መጣና ሁላችንም ሮጠን ገባን። እሳቸው የደረሱት ሲያባራ ነው።

«ምን አሯሯጣችሁ?» አሉን። «ይኸው አባራ።»

ሁለት የማይለወጡ ቃላት አሏቸው። አንደኛው «እጄ ካልቻለው አይበየድም» ነው። አንድ መስመር ከተበየደ በኋላ በላዩ ሌላ ለመድገም ከተፈለገ፣ መጀመሪያ የሳቸው መዳፍ ብረቱ ላይ ማረፍ መቻል አለበት። መዳፉ «ገና ነው» ካለ እንቀመጣለን። እትዬ፣ የወርክሾፑ ባለቤት፣ ከቢሮዋ ብቅ ብላ ሁላችንም እጃችንን አጣጥፈን ተቀምጠን ስታይ ምን ያህል እንደምትደሰት መገመት ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ቃላቸው «ካርቦኑ ስንት ነው?» ነው። ላሜራ ሻጩን ይጠይቃሉ፤ ላሜራውን የጫነውን ሾፌር ይጠይቃሉ፤ ሠርግ ቤት ሳህን የሚያቀብለውን ሰው ይጠይቃሉ። አንድ እሑድ ቤቴ ምሳ ጠራኋቸው። እናቴ የክት ድስቷን አውጥታ ስታቀርብ ክቡርነታቸው ክዳኑን አንስተው፣ ገልብጠው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት።

«ካርቦኑ ስንት ነው?»

«እኔ እንጃ ወንድሜ» አለቻቸው እናቴ። «ጨዉ ግን ልክ ነው።»

እኚህ ሰው ታዲያ ይሮጣሉ። አዎ፣ ይሮጣሉ። የመጨረሻዋ የብየዳ ብልጭታ ስትጠፋና እርጥቡ ጨርቅ ብረቱ ላይ ሲያርፍ፣ በሁለቱ መካከል ባለችው ጥቂት ጊዜ ጋሽ ቀስን ዓይን አይደርስባቸውም። ባልዲ ይዘላሉ። ወንበር ይገለብጣሉ። ልጇ ደረጃ ጫፍ ላይ የቆመባት እናት እንደዚያ አትሮጥም፤ እናት ስለሆንኩ አውቃለሁ። ጨርቁ ያርፍና «ጭስስ» ይላል፣ እንፋሎቱ ይነሣል፣ ጋሽ ቀስም እንደገና ጋሽ ቀስ ይሆናሉ።

አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር ምክንያቱን ያስተምራሉ። ትምህርቱን ዘጠኝ ጊዜ ስለሰማሁት በቃሌ ልወጣው እችላለሁ።

«ስቴንለስ የማይዝገው ስሙ ስላማረ አይደለም» ይላሉ። «ብረት ውስጡን ብታዩት እንደ እህል የተጠጋጋ ፍሬ ነው። በፍሬና በፍሬ መካከል ድንበር አለ። ክሮሚየም የሚባለው በየቦታው የቆመ ዘበኛ ነው፤ ዝገትን አያሳልፍም። ካርቦን ደግሞ ወሬኛ ነው። ብረቱ ፍም ሆኖ ሲነድ ሁሉም ይራወጣል፤ ቁጭ ብሎ የሚያወራ የለም። ሲበርድ ደግሞ ሁሉም ባለበት ደርቆ ይቀራል። ክፉው መካከሉ ነው። ቅላቱ እየጠፋ ሙቀቱ ግን ሳይለቅ ሲቀር፣ ያኔ ካርቦን ድንበሩ ላይ ይቀመጥና ዘበኛውን ጠርቶ ወሬ ያስይዘዋል። አካባቢው ያለ ጠባቂ ቀረ። ዝገት በዚያ በኩል ሰተት ነው።»

«እና ምን ይደረግ?» ይላል አዲሱ ሰው።

«በመካከሉ ቶሎ ማለፍ ነው። ወሬውን ሳይጀምሩት ማብረድ። ወይም ከመጀመሪያው ወሬኛው ያነሰበትን ብረት መግዛት። ታይታኒየም የተጨመረበትም አለ፤ እሱ ካርቦንን ቀድሞ ይዞ ሲያጫውተው ይውላል፣ ዘበኛው ሥራውን ይሠራል።»

ቀጥሎ ሁለት ቁራጭ ብረት ሲሚንቶው ላይ ይጥላሉ። አንዱ እንደ ደወል ይጮኻል። ሁለተኛው፣ ዘበኛው ወሬ የተያዘበት፣ እንደ እንጨት «ዱብ» ይላል። ሁለቱም እኩል ያብረቀርቃሉ። «ይህችን ዱብታ በዓይን አታዩዋትም» ይላሉና ሻያቸውን ሊያሞቁ ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ምክንያቱም የሚቀጥለው ጥፋት የኔ ነው።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነው ያገባሁት፤ ወዲያው ወለድኩ። ብየዳ የተማርኩት አባቴ ጋራዥ ውስጥ ነው። እዚያ የምንጠግነው ጊዛ ነበር፣ ያ የሞተር አካል የሚሠራበት ከባድና ተሰባሪ ብረት። ጊዛ ከብየዳ በኋላ ቶሎ ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አባቴ አስቀድሞ ያሞቀዋል፣ ይበይደዋል፣ ከዚያ ትኩስ አመድ ውስጥ ቀብሮ እስከ ማግስቱ ይተወዋል። «ጊዛ አራስ ነው» ይል ነበር፤ «ብርድ አይንካው።» ከዚያ ቤት ያመጣሁት ሀብት ይህ ነው። ስቴንለስ ወርክሾፕ ስገባ ይዤው ገባሁ።

እኛ ዘንድ አንድ ልማድ አለ። በያጅ የራሱ ቁጥር ያለበት የብረት ማኅተም ይኖረዋል፤ ሥራው ሲፈተሽና ሲያልፍ ከብየዳው አጠገብ በመዶሻ ይመታዋል። ዕቃው የትም ይሂድ፣ ማን እንደበየደው ይናገራል። ጋሽ ቀስ 1 ናቸው። 2 እና 3 ቁጥርም ባለቤት አላቸው። 4 ቁጥር መሳቢያ ውስጥ ተጠቅልላ አምስት ዓመት ተቀምጣለች። ማኅተም የሚሰጡት እሳቸው ናቸው፣ በምን ፍጥነት እንደሚሰጡ አትጠይቁኝ። ያለ ማኅተም የሚሠራ ሰው ረዳት ነው፤ ብቻውን ሥራ አይቀበልም። የወተት ሻጮች ማኅበር ትልቅ ታንከር ሲያዝ ጋሽ ቀስ «የታችኛውን መውጫ አንቺ ትበይጂዋለሽ፤ ካለፈ እናያለን» አሉኝ። «እናያለን» በሳቸው አፍ ትልቅ ቃል ነው። ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት በእግሬ ይሁን በክንፌ አላስታውስም።

ለመውጫው ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ቀለበት ያስፈልግ ነበር። ሰኞ ጠዋት ብረቱን ከመደብር ማምጣት የኔ ተራ ነው። ልወጣ ስል ጎረቤቴ ደወለች፤ ልጄን ትኩሳት ይዟታል። ጋሽ ቀስ ስልኩን ስይዝ ፊቴን አይተው «ሂጂ» አሉ። እኚህ ሰው በዚያ ፍጥነት ሲመልሱ ሰምቼ አላውቅም። «ቀለበቱን እኔ አመጣዋለሁ።»

ልጄን ክሊኒክ አስገብቼ መድኃኒት ልገዛ ወጣ ብዬ ስመለስ፣ ነርሷ «አንድ ሽማግሌ መጥተው ነበር» አለችኝ። «ልጅቷን ግንባሯን ዳሰሷት፣ ደህና ትሆናለች ወይ አሉ፣ የመርፌ ማስቀመጫችንን ገልብጠው አዩና ሄዱ። ዘመድሽ ናቸው?»

«አዎ» አልኩ።

በማግስቱ ልጄ ተሻላት፣ እኔም ወደ ሥራ ተመለስኩ። ጋሽ ቀስ ሆስፒታል ገንዳ ሊገጥሙ ለሁለት ቀን ሄደዋል። ቀለበቱ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል።

«ታንከሩ ቅዳሜ ይወጣል» አለችኝ እትዬ። «ብቻሽን ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

እርጥቡን ጨርቅ አላውቀው ሆኖ አይደለም። እስከዚያ ቀን ያየሁት ግን ቀጭን ላሜራ ላይ ነው። ይሄ ወፍራም ነው። ወፍራም ብረት ሳይ የአባቴ ጋራዥ መጣብኝ፤ ይህንን በድንገት ባበርደው ይሰነጠቅብኛል አልኩ። ስለዚህ ቀለበቱን በእሳት አሞቅሁት፣ እስኪቀላ። በየድኩት፣ መስመር በመስመር፣ ማንም መዳፉን ሳያስቀምጥ። ከዚያ አመድ አሙቄ ዙሪያውን አቅፌ ሸፈንኩት። እንደ ደንባችን አንድ ማስረጃ ቁራጭም ሠራሁ፦ ግማሹ ከታንከሩ ላሜራ፣ ግማሹ ከቀለበቱ ብረት፣ መሐሉ በኔ እጅ የተበየደ። እሱንም እዚያው አመድ ውስጥ አስተኛሁት። ልጄን ሳስተኛ እንኳ እንዲህ አያምርልኝም።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ቀስ መጡ። አመዱ ገና ለብ ይላል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እንዳይደነግጥ ብዬ ነው ጋሼ።»

«ማን?»

«ብረቱ።»

መዳፋቸውን አመዱ ላይ አሳረፉ። የሳቸው መዳፍ ሲያርፍ ስንት እንደሚቆይ የምታውቁት ይመስለኛል። «አራስ አደረግሽው» አሉ በመጨረሻ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ማስረጃው የታል?»

ቁራጩን ሰጠኋቸው። ከጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ሰማያዊ የመዳብ ጨው ከአሲድ ጋር ተደባልቆ የሚፈላበት ብልቃጥ አላቸው። ቁራጩ እዚያ ውስጥ ሲፈላ ይውላል፣ ያድራል። ጠባቂ ያጣ ቦታ ካለ አሲዱ ያገኘዋል። ከዚያ ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ታስሮ ይታጠፋል። ጤነኛ ከሆነ እንደ ቆዳ ይታጠፋል፤ ካልሆነ ይሰነጠቃል።

እትዬ ታንከሩን እየዞረች «ጋሼ፣ ያበራል እኮ» አለች። «ከሥር ነው ያለው። ማን ያየዋል?»

«ወተቱ ያየዋል» አሉ።

ዓርብ ጠዋት ስምንታችንም ሞርሳው ዙሪያ ቆምን። ጋሽ ቀስ ቁራጩን አሰሩ፣ መዶሻውን አነሱ፣ ቀስ አድርገው አጠፉት። በላሜራው ወገን ምንም የለም፤ ለስላሳ። በቀለበቱ ወገን፣ ከብየዳው ጣት ያህል ርቆ፣ የደረቀ ጭቃ የመሰለ ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር ተከፈተ።

4 ቁጥር መሳቢያዋ ውስጥ ስትገላበጥ የሰማኋት መሰለኝ።

እሳቸው ግን አጉሊ መነጽራቸውን አውጥተው አንዱን ወገን አዩ፣ ሌላውን አዩ። ብየዳው አንድ ነው። አመዱ አንድ ነው። በያጇም አንድ ናት። ታዲያ ለምን አንዱ ወገን ብቻ? ከቀለበቱ የተረፈውን ቁራጭ ከጥራጊ ውስጥ ፈልገው አመጡ። ጠርዙ ላይ የታተመውን በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። ካርቦኑ አነስተኛ መሆኑን የምትናገር አንዲት ፊደል መኖር ነበረባት። የለችም።

«ይሄ የኔ ነው» አሉ።

ማንም አልገባውም።

«ሰኞ ለት ካርቦኑ ስንት ነው ብዬ አልጠየቅሁም» አሉ፣ ስንጥቁን እያዩ። «ያችን ልጅ ክሊኒክ ሄጄ ላያት ቸኩዬ ነበር። መጀመሪያ ያገኘሁትን አንስቼ ወጣሁ።»

ሰላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ክዳን ሲገለብጡ የኖሩ ሰው፣ አንድ ቀን ቸኮሉ፤ እሱም ለኔ ልጅ ሲሉ ነው። «አመዱ የኔ ነው ጋሼ» አልኩ።

«ነው እንጂ። ግማሹ ያንቺ ነው፣ አላስቀርልሽም። ብረቱ ጥሩ ቢሆን አመድሽን ይቅር ይልሽ ነበር፤ የላሜራው ወገን ይኸው ይቅር ብሎሻል። ጨርቁ ቢኖር ደግሞ የኔ ችኮላ ይህን ያህል ባልተጋለጠ። የኔም ያንቺም ጥፋት ባንድ ብረት ላይ ተገናኙ።» ወደ እትዬ ዞሩ። «ተቆርጦ ይወጣል። ቅዳሜ አይደርስም።»

ቅዳሜ የወተት ሻጮቹ ሊቀመንበር መጣች፣ መኪና ይዛ። «ወተት ቀጠሮ አያውቅም» ብላ ጀመረች፤ ብዙ ቀጠለች፤ እዚህ አልጽፈውም። ጋሽ ቀስ የታጠፈውን ቁራጭ እጇ ላይ አስቀመጡላት። በጥፍሯ ስንጥቁን ነካችው። ከስምንታችንም ቀድማ የገባት እሷ ናት።

«እዚህ ውስጥ የገባ ወተት አይታጠብም» አለች።

«አይታጠብም።»

«በሉ አራት ቀን ውሰዱ። አምስተኛው ቀን ላይ ግን እናንተን ነው የማፈላችሁ።»

ቀለበቱን በገዛ ግራይንደሬ ቆርጬ አወጣሁት፤ ከጎኑ የነበረውንም ላሜራ ጨምሬ። ቆርጦ ማውጣት ከመበየድ ሁለት እጥፍ ይወስዳል፣ ያኔ ነው ያወቅሁት። ከዚያ አብረን ወደ ብረት መደብር ሄድን። ሻጩ ጋሽ ቀስን ከሩቅ አይቶ ተነፈሰ። እሳቸው አፋቸውን እስኪከፍቱ ጊዜ ስላለ እኔ ቀደምኩ።

«ካርቦኑ ስንት ነው?»

ሻጩ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። «ወለዱ እንዴ ጋሼ?»

«አዎ» አሉት።

አዲሱን ቀለበት ስበይድ አንድ መስመር እበይዳለሁ፣ መዳፋቸው ያርፋል፣ «ገና»። እንጠብቃለን። መዳፋቸው ያርፋል፣ «አሁን»። ቀኑን ሙሉ ፈጀ፤ እትዬ ከቢሮዋ አንዴም ብቅ አላለችም። የመጨረሻዋ ብልጭታ ስትጠፋ እሳቸው በግራ ሮጡ፣ እኔ በቀኝ ሮጥኩ፣ ባልዲው ላይ ተጋጨን። የኔ ጨርቅ ነው ቀድሞ ያረፈው። ይህን ይክዳሉ፤ ሰባት ምስክር አለኝ።

አዲሱ ማስረጃ ፈላ፣ ዋለ፣ አደረ። ሲሚንቶው ላይ ጣሉት፤ ጮኸ። ሞርሳው ላይ አጠፉት፤ በሁለቱም ወገን ልክ እንደ ቆዳ። ጋሽ ቀስ መሳቢያውን ከፈቱ። መጀመሪያ የራሳቸውን 1 ቁጥር ቀለበቱ ላይ መቱ። ከዚያ አንድ የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ። ቸኩዬ ስለመታኋት 4 ቁጥር ትንሽ ዘመም ብላለች። በወርክሾፓችን ታሪክ ሁለት ማኅተም ያለበት ብየዳ ይሄ ብቻ ነው፤ በየማለዳው ወተት በላዩ ይወርዳል። የተሰነጠቀው ቁራጭ ደግሞ ከሞርሳው በላይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። አዲስ ሰው «ይሄ የማን ነው?» ሲል ሁለታችንም እጃችንን እናወጣለን።

ልጄ አሁን ሾርባ ሲቀርብላት እርጥብ ጨርቅ ይዛ ትመጣለች። «በመካከሉ ቶሎ እንዲያልፍ» ትላለች። ማን እንዳስተማራት አልናገርም።

ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት ለክቡርነታቸው አስነበብኳቸው። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። በአራተኛው ቀን አጣጥፈው መለሱልኝ።

«ጨርቁ አሥራ ሁለት አይደለም፣ አሥራ አንድ ነው» አሉ።

«አስተካክላለሁ ጋሼ።»

ሊሄዱ ዞሩ፤ ቆሙ፤ ሻያቸውን አዩ፤ በርዷል።

«ለሚያነቡት ደግሞ አንድ ነገር ለምኚልኝ» አሉ። «ቤታቸው ያለውን የስቴንለስ ዕቃ አንስተው ይገልብጡት። የተበየደበትን አይደለም፤ ከብየዳው ጎን፣ ጣት ያህል ራቅ ብለው ይዳስሱት። ቡናማ መስመር ካገኙ የሠራውን ሰው አይስደቡት፤ ያን ቀን ልጅ ታሞበት ይሆናል። ብቻ ተመልሰው ሄደው ይንገሩት።»